የነነዌን ጾም እየጾምን ናሆምን ለምን እንዘለዋለን?

ባለቅል

ሰላም ለሁላችሁ። ይቺን ጥያቄ ከጾመ ነነዌ ጀምሮ ይዣት እየዞርኩ ነው። ሦስቱን ቀን እንደ ደንቡ ጾምኩ። ዮናስ ሲነበብ ሰማሁ። ማታ ቤት ገብቼ ደግሜ ላንብበው ብዬ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። አራት ምዕራፍ ናት፣ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ታልቃለች። ቡናው ግን ስላልደረሰ ዝም ብዬ ገጹን ማገላበጥ ቀጠልኩ። ሚክያስን ዘለልኩት (ይቅር ይበለኝ) እና ናሆም ላይ ቆምኩ።

ደነገጥኩ። ያቺው ነነዌ ናት! ዮናስ ላይ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች ያሉባት፣ እግዚአብሔር እንዴት አላዝንላትም ያለላት ከተማ፣ ናሆም ላይ "የደም ከተማ" ተብላ ወዮታ ይወርድባታል። ጅራፍ ይጮሃል፣ መንኰራኩር ይንኳኳል፣ ሬሳው ከመብዛቱ የተነሳ ሰው እየተደናቀፈ ይወድቃል። በሦስቱም ምዕራፍ ነነዌን "ተመለሺ" የሚላት የለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ወሬዋን የሰማ ሁሉ ያጨበጭባል። በሰው ሞት ጭብጨባ!

ታዲያ የቱን ልያዝ? እግዚአብሔር ሐሳቡን ቀየረ? አንድ መምህር ብጠይቅ "ኋላ ተመልሰው በደሉ፣ በቃ" ብሎ ዘጋኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልጠገብኩም።

ቀጥተኛዋ

መምህሩ ምን አጠፋ? ልክ ነው እኮ። ኤርምያስ 18ን ክፈት፣ ሸክላ ሠሪው ቤት። እዚያ እግዚአብሔር ደንቡን ራሱ ይናገራል። አጠፋዋለሁ ያልኩት ሕዝብ ከክፋቱ ከተመለሰ እተወዋለሁ፣ እተክለዋለሁ ያልኩት ደግሞ ክፉ ካደረገ አሰብኩለት ያልኩትን በጎ ነገር አስቀራለሁ ይላል። ማስፈራሪያውም ተስፋውም ውስጥ "ከሆነ" አለች። ዮናስ "ነነዌ ትገለበጣለች" ሲል "ካልተመለሳችሁ" የምትለዋን አልጨመራትም። ሰዎቹ ግን ሳይነገራቸው ሰሟት።

በዮናስና በናሆም ዘመን መካከል ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ አለ። የአያት ንስሐ ለልጅ ልጅ አይወረስም። ሕዝቅኤል 18 ሙሉውን የሚያወራው ይሄንኑ ነው።

ዘመነኛው

ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። የብሉዩ አምላክ ቁጡ ነው፣ የሐዲሱ አፍቃሪ ነው፣ አለቀ። እኔ ወንጌሌን አነባለሁ፣ ነቢያቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የቆሎ ተማሪ

ወንድሜ ዘመነኛው፣ ስምህ ዘመነኛ ይሁን እንጂ ሐሳብህ ያረጀ ነው። ይቺኑ ያልካትን መርቅያን የሚባል ሰው ብሏት፣ በ144 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) የሮም ቤተ ክርስቲያን አሰናብታዋለች። ደግሞስ ከዮናስ ምልክት በቀር ሌላ ምልክት አይሰጣችሁም ያለው በየትኛው መጽሐፍ ነው? በወንጌልህ።

እስቲ ሆሴዕ 11ን አንብብና ና። እዚያ እግዚአብሔር የሚናገረው ልጁን ክንዱን ይዞ ወፌ ቆመች ሲል እንደኖረ አባት ነው። ጎንበስ ብዬ አበላሁት ይላል። ልጁ ግን ካደ (ልጁ እስራኤል ነው፣ ኤፍሬምም ይለዋል)። ቁጣው ይነሳል፣ ሰይፍ በከተሞቹ ላይ ይወርዳል። ከዚያ መሀል ላይ ንግግሩ ስብር ይላል። "ኤፍሬም ሆይ፣ እንዴት እተውሃለሁ? እንዴትስ እንደ አዳማ አደርግሃለሁ?" (አዳማ ሲባል ናዝሬት እንዳትመስልህ፣ ከሰዶም ጋር የጠፋችው ናት።) የሚቆጣውም የሚሳሳውም ያው አንዱ ነው፣ ያውም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ።

ዘመነኛው

አዳማዋ አሳቀችኝ። እሺ፣ ሆሴዕን አነባለሁ።

ከአሽዶድ

ሰላም ወገኖች። ቆሎ ተማሪ ያነሳት ቦታ ላይ በዕብራይስጥ የምትገርም ነገር አለች። ሰዶም ስትገለበጥ ኦሪት ዘፍጥረት 19 ላይ ያለው ግስ "ሃፋኽ" ነው፣ ገለበጠ ማለት ነው። ዮናስ ነነዌ ገብቶ የጮኸው ያንኑ ግስ ነው። ሆሴዕ ላይ ደግሞ እግዚአብሔር "ልቤ በውስጤ ተገለበጠ" ሲል ያው ሃፋኽ ነው! ከተማው መገለበጥ ሲገባው የተገለበጠው የፈራጁ ልብ ሆነ። ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀምጫለሁ።

ዮናስ ላይ ደግሞ ቃሉ ሁለት ፊት አለው። ነነዌ ትገለበጣለች አለ፣ እውነትም ተገለበጠች፣ ከንጉሡ እስከ ከብቱ ማቅ ለብሰው ሌላ ሰው ሆኑ። ትንቢቱ ደረሰ ማለት ነው። ባለትንቢቱ ግን እንደዚያ እንዲደርስለት አልፈለገም።

ሌላም አለ። የሆሴዕ ሴት ልጅ ሎሩሃማ ነው ስሟ፣ "ምሕረትን ያላገኘች"። "ራሐሚም" ምሕረት ነው፣ "ሬሔም" ደግሞ ማሕፀን። አንድ ሥር ናቸው። ኤርምያስ 31 ላይ እግዚአብሔር ስለ ኤፍሬም አንጀቴ ታወከ የሚለውም ከዚሁ ጋር ነው የሚሄደው። በአማርኛ እኛም አንጀቴ ተላወሰ እንል የለ? ፈረንጁ ልብ የሚለውን እኛ አንጀት እንላለን።

የቆሎ ተማሪ

ዕድሜ ይስጥህ። በግእዝ "መሐረ" የምንለውንም ሥርወ ቃል የሚያጠኑ ሰዎች ከዚሁ ሥር ጋር ያያይዙታል፣ ፊደሎቹ ቦታ ተቀያይረው ነው። ር-ሐ-ም፣ ም-ሐ-ር። ስለዚህ "እግዚኦ መሐረነ" ባልን ቁጥር ማሕፀንን እየጠራን ነው ማለት ነው። ይሄን የኔታ ቢሰሙ ሁለት አንድም ይጨምሩበት ነበር።

በነገራችን ላይ ዕብራይስጡ ነነዌ 40 ቀን ቀራት ሲል የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም 3 ቀን ይላል። ከሦስት ቀን ጾማችን ጋር ስትገጥም ደስ አለችኝ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው ግን አላልኩም።

ታሪክ ወዳድ

ቋንቋውን ለእናንተ ትቼ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ናሆምን ያለ አሦር ታሪክ የሚያነብ ሰው ናሆምን ይጠላዋል።

ነነዌ የአሦሮች ከተማ ናት፣ አሦሮች ደግሞ ጭካኔያቸውን አይደብቁም ነበር፣ ግድግዳ ላይ ይቀርጹት ነበር እንጂ። በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን ከተማ ለኪሶን ከበበና ያዘ። ከዚያ ነነዌ ባለው ቤተ መንግሥቱ አንድ ክፍል ሙሉ ይሄንኑ በድንጋይ አስቀረጸ። ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። በእንጨት የተሰቀሉ ሰዎች አሉበት። ቆዳቸው የሚገፈፍ አሉበት። በሬ በሚጎትተው ጋሪ ላይ ከነዕቃቸው ተጭነው የሚሰደዱ ሴቶችና ልጆች አሉበት። ንጉሡ ይሄን ያስቀረጸው ቤቱን ለማስጌጥ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲያይለት።

ዮናስ ደግሞ ማን ነበር? 2ኛ ነገሥት 14 ላይ አማቴ የተባለ ሰው ልጅ ነው ይላል፣ የሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት ሰው ነው፣ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን። ያ የሰሜን መንግሥት በ722 ቅ.ል.ክ. ገደማ በእነዚሁ በአሦሮች ጠፋ። እንግዲህ ይሄን መጽሐፍ ከዚያ በኋላ የሚያነብ እስራኤላዊ አስቡት። እግዚአብሔር የራራላት ከተማ ሀገሩን ያፈረሰችበት ናት። ዮናስን "ክፉ ሰው፣ ምቀኛ" እያልን ስንሰብክበት ይሄን እንረሳለን። ሰውየው ምቀኛ አልነበረም። አሦርን ያውቃል።

አንዲት ደግሞ ለእኛ ትሁን። ናሆም 3 ላይ ነነዌን "ከኖአሞን ትበልጫለሽን?" ይላታል። ኖአሞን የግብጿ ቴብስ ናት። ኢትዮጵያና ግብጽ ኃይልዋ ነበሩ ይላል፣ ኢትዮጵያ የተባለችው በዕብራይስጡ ኩሽ ናት፣ የዛሬዋ ሱዳን አካባቢ፣ ነገሥታቷ ያኔ ግብጽን ይገዙ ነበር። በ663 ቅ.ል.ክ. የአሦሩ ንጉሥ አሹርባኒፓል ከተማዋን ዘረፋት። ናሆም ያቺን ከተማ ሲያነሳ በየመንገዱ ራስ የተፈጠፈጡ ሕፃናቷን አይዘልም። "ጨካኝ ነቢይ" የሚባለው ሰው የባዕድ ሀገር ሕፃናት ቆጥሮ ይይዛል።

ነነዌ በ612 ቅ.ል.ክ. በባቢሎንና በሜዶን ጦር ወደቀች። ፍርስራሿ ዛሬ የኢራቋ ሞሱል ውስጥ ነው። የነቢዩ ዮናስ መቃብር እየተባለ የሚከበረው መስጊድም እዚያው ጉብታ ላይ ነበር፣ በ2014 እ.ኤ.አ. አይሲስ በፈንጂ አፈረሰው። ያቺ ከተማ አሁንም አላረፈችም።

ባለቅል

ታሪክ ወዳድ፣ ሕፃናቱን አላየኋቸውም ነበር። ሁለቴ አንብቤ አላየኋቸውም። ጭብጨባውን ብቻ ነው ያየሁት።

የእማዬ ልጅ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

አያቴ (ነፍሷን ይማር) በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጇን ቀበረች። ቀበረች ማለት እንኳ አይደለም፣ አልሰጧትም። የጠቆመው ሰው የሰፈራችን ሰው ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ ልጆች አሉት። መንግሥት ሲለወጥ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ሰፈር ተመለሰ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀመረ። በአንድ በር ነው የሚገቡት፣ እሱ በወንዶች በኩል ይቆማል፣ እሷ በሴቶች በኩል።

አያቴ ጾመ ነነዌን አንድ ዓመት አሳልፋ አታውቅም። ማንበብ አትችልም፣ ግን ዮናስን ከመስማት ብዛት በቃሏ ታውቀዋለች። እግዚአብሔር ነነዌን ማራት የሚለው ቦታ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ዮናስ እውነቱን ነው" ትል ነበር። በየዓመቱ። ልጅ ሆኜ ያስቀኝ ነበር፣ ሁሉም ሰው ዮናስ ተሳሳተ ይላል፣ እሷ ትደግፈዋለች።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ነው የገባኝ። ሰዎች "እግዚአብሔር መሓሪ ነው" ሲሏት የሚሏት "እርሺው" ነበር።

ቀጥተኛዋ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መጀመሪያ የጻፍኩትን መለስ ብዬ ሳየው ልክ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ እኛ ፍርድ የሚለውን ቃል ማበላሸታችን ነው። ፍርድ ሲባል ሲኦል፣ እሳት፣ ዱላ ብቻ ይመስለናል። በዕብራይስጥ "ሚሽፓት" የሚለውን አማርኛው ፍርድ ብሎ ነው የተረጎመው፣ ያ ደግሞ ቅጣት ብቻ አይደለም። የተገፋ ሰው መሬቱን ሲያገኝም ፍርድ አገኘ እንላለን። ድሮ ድሃ ሰው መንገድ ላይ ሲገፋ "በሕግ አምላክ!" ይል ነበር፣ ጉልበተኛውም ባለበት ይቆም ነበር። ለድሃው ያ ቃል ማስፈራሪያ ነው? መጠጊያው እኮ ነው!

አሞጽን ተመልከቱ። የቴቁሔ እረኛ ነው፣ የሾላ ዛፍ የሚጠብቅ። ወደ ሰሜን ወጥቶ የጮኸው በምን ላይ ነው? ሰንበት መቼ ባለፈች፣ እህል በሸጥን እያሉ በሚጠብቁ ነጋዴዎች ላይ። መስፈሪያውን ያሳንሳሉ፣ መመዘኛውን ያከብዳሉ፣ የስንዴውን ግርድ ይሸጣሉ፣ ድሃውን በአንድ ጥንድ ጫማ ይገዛሉ። ግርድ! ጤፍ ገዝቶ ቤቱ ሲነፋው ሩቡ አፈር የሆነበት ሰው አሞጽን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ፍርድ እንደ ውኃ ይፍሰስ ያለውም ለእነዚሁ ነው፣ ያውም ዝማሬያችሁን ከፊቴ አርቁልኝ ካለ በኋላ። አሁን ለዚያ በጫማ ለተሸጠ ሰው "እግዚአብሔር አይቆጣም፣ ፍቅር ብቻ ነው" ብትሉት ደስ ይለዋል? አይቆጣም ማለት እኮ አላየኝም ማለት ነው።

አራዳው

አሞጽ ከተነሳ አይቀር 9፥7 ትነሳልን፣ "እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?" ይላል። እኛ መለኪያ ነን 😎

የቆሎ ተማሪ

አራዳው፣ ቀስ። እዚያው ጥቅስ ላይ ፍልስጥኤማውያንንም ሶርያውያንንም እኔ ነኝ ያወጣኋቸው ይላል። እስራኤልን "እኛ ብቻ" ከሚለው ኩራት ሊያወርድ ነው እንጂ ሌላውን ኩራት ላይ ሊሰቅል አይደለም። አሞጽ 3 ላይ እናንተን ብቻ አወቅሁ ካለ በኋላ ቀጥሎ የመጣው "ስለዚህ እቀጣችኋለሁ" ነው። መመረጥ እንደዚህ ነው።

ዘመነኛው

ሆሴዕን አነበብኩ። እሺ፣ ከባድ ነው፣ የ11ኛውን ምዕራፍ ሁለቴ አነበብኩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የምሬን ነው። ዮናስ 3 ላይ እግዚአብሔር "ተጸጸተ" ይላል። አምላክ ይጸጸታል? የሚጸጸት እኮ የተሳሳተ ነው።

ከአሽዶድ

1ኛ ሳሙኤል 15ን እይ፣ ይባስ ግራ ትጋባለህ። ቁጥር 11 ላይ ሳኦልን በማንገሤ ተጸጸትሁ ይላል፣ ቁጥር 29 ላይ ደግሞ ይጸጸት ዘንድ ሰው አይደለም። አንድ ምዕራፍ! ጸሐፊው ሳያየው ቀርቶ አይመስለኝም። ሁለቱንም ሊይዝ ፈልጎ ነው።

ግሱ "ናሐም" ነው። ትርጉሙ መጸጸትም መጽናናትም፣ ከቁጣ በረድ ማለትም ይሆናል። አማርኛው ተጸጸተ ሲል ስሕተት የሠራ ያስመስላል እንጂ ዕብራይስጡ ያን ያህል አይልም። አሁን ወደ ባለቅል ልመለስ፣ ናሆም የሚለው ስም ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከዚሁ። ማጽናናት ማለት ነው። ያ ሁሉ ሬሳና ጅራፍ ያለበት መጽሐፍ ባለቤቱ "መጽናናት" ይባላል። ማንን ነው የሚያጽናናው? ነነዌን አይደለም። የእማዬ ልጅ አያትን ነው።

ባለቅል

ቆይ ቆይ። አሁን አንድ ነገር አየሁ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ጠዋት ሥራ አለብኝ፣ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ዘፀአት 34 ላይ እግዚአብሔር በሙሴ ፊት ሲያልፍ ስለ ራሱ የተናገረው አለ። መሓሪ፣ ቸር፣ ለቁጣ የዘገየ፣ ምሕረቱ የበዛ፣ ኃጢአትን ይቅር የሚል። ከዚያ ወዲያው በደለኛውን ግን ዝም ብሎ ንጹሕ ነህ የማይል። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው።

ዮናስ 4፥2 ላይ ሲያጉረመርም የመጀመሪያውን ግማሽ ይጠቅሳል፣ መሓሪ መሆንህን አውቄ ነው የሸሸሁት ይላል። ናሆም 1፥3 ላይ ያንኑ ይጀምርና፣ ለቁጣ የዘገየ ይልና፣ ምሕረቱ የበዛ የሚለው መምጣት ያለበት ቦታ ላይ ኃይሉ ታላቅ ይላል፣ ከዚያ በደለኛውን አያነጻም። ሁለቱ ሰዎች አንዱን ቃል ተካፍለውታል! አንዱ ጋ ያለችው ሌላው ጋ የለችም።

ሁለቱም ደግሞ የሚያልቁት በጥያቄ ነው። ዮናስ፦ ይሄን ሁሉ ሰውና ይሄን ሁሉ ከብት ላለባት ከተማ አላዝንምን? ናሆም፦ ክፋትሽ ያልደረሰበት ማን አለ? ሁለቱም መልስ የላቸውም። እኔ ከጾም እስከ ጾም የመጀመሪያዋን ብቻ ስጠየቅ ኖሬያለሁ።

የቆሎ ተማሪ

በል ተኛ፣ ግን ኢሳይያስ 19 መጨረሻን አንብብና ተኛ። ግብጽን ሕዝቤ፣ አሦርን የእጄ ሥራ፣ እስራኤልን ርስቴ ብሎ ሦስቱንም አንድ ላይ ይባርካቸዋል። አሦርን! ሰናክሬምን ባየ ዘመን እዚያ የደረሰ ሰው እንዴት ደረሰ? እኔ ገና አልደረስኩም፣ ቆሎ ተማሪ ነበርኩ እንጂ ነቢይ አልነበርኩም።

ከአሽዶድ

ባለቅል፣ የዘለልከውን ሚክያስን አስታወስከኝ። እዚህ እስራኤል በዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ቤተ እስራኤሎች አስተስርዮ የምንለው ቀን፣ በምኩራብ ዮናስ ሙሉው ይነበባል። ሰዉ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም፣ ግማሹ እንቅልፍ ይጥለዋል። ዮናስ በጥያቄው ሲያልቅ ግን አይቆሙም፣ ከሚክያስ 7 መጨረሻ ሦስት ቁጥር ይጨምራሉ፣ በደልን ይቅር የሚል እንደ አንተ ያለ አምላክ ማን ነው የሚለውን። በዮናስና በናሆም መካከል የተቀመጠው ያ ነው። አንተ ቡና እየጠበቅክ የዘለልከው።

ከዚያ 50ኛው ቀን ስግድ ነው፣ የእኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል። ቄሶቻችን ነህምያ 9ን ያነባሉ፣ እዚያም ያቺው የዘፀአት ቃል አለች፣ ይቅር ባይ፣ ለቁጣ የዘገየ። እዚያ ላይ ግን ሕዝቡ መጀመሪያ የራሱንና የአባቶቹን በደል አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስግድ በሕግ የሀገሪቱ በዓል ነው፣ ልጆቼ ፎቶ ሊነሱ ነው የሚሄዱት፣ እናቴ ግን አሁንም ታለቅሳለች።

ባለቅል

ሚክያስን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ዛሬ በምሳ ሰዓት ሙሉውን አነበብኩት።

እህቴ የእማዬ ልጅ፣ ካልከበደሽ አንድ ነገር ልጠይቅ። አያትሽ ሰውየውን በመጨረሻ ይቅር አሉት?

የእማዬ ልጅ

አላውቅም ወንድሜ። ብዙ ሰው ጠይቋታል፣ የንስሐ አባቷም ጠይቀዋታል፣ ዝም ትላለች።

እሱ ነው ቀድሟት የሞተው። ለቅሶ አትሄድም ብለን ነበር። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው አለች። ግቢው ድረስ ከኋላዋ ተከተልኳት። በር አካባቢ ተቀመጠች። ሚስቱ አይታት አጎንብሳ አለቀሰች፣ አያቴም አብራት አለቀሰች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ንፍሮ ሲያዞሩ እሷ ጋ ደረሰ። እጇን አልዘረጋችም። "ጾመኛ ነኝ" አለች። ፍስክ ነበር።